አረንጓዴው መጋረጃና የካርቱም ከተማ

ባለፈው ወር ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል አንዱ የተጻፈው ከጎንደር ነው። ጸሐፊው ብዙ ዘመን በካርቱም ከተማ በንግድ ሥራ ኖረው፥ ጦርነቱ ከተነሣ በኋላ በመተማ በኩል ወደ አገራቸው የተመለሱ አባት ናቸው። ልጃቸው በካርቱም ሳለ ጀምሮት የነበረውን ትምህርት አሁን በአዲስ አበባ ለመቀጠል ይፈልጋል፤ ትምህርቱም በልዩ ልዩ ቦታና ጊዜ የተነሡትን ተንቀሳቃሽ ሥዕሎች በኮምፒዩተር ደራርቦ አንድ ሥዕል አስመስሎ የማቅረብ ጥበብ ነው። አባትየው ልጃቸው ለክፍሉ ያዘጋጀውን አንድ ሥራ አይተዋል። በዚያ ሥራ ላይ ታናሽ እኅቱ፥ በቤታቸው ግቢ ከአንድ አረንጓዴ አንሶላ ፊት ቆማ የተነሣችው ልጅ፥ ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ ከሚገናኙበት ከሞግረን ዳር ቆማ ትታያለች። ልጅቱ ግን ካርቱምን ከለቀቀች ቆይታለች። እንግዲህ አባትየው የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ ይህ ሙያ እንጀራ ይሆናልን? ሁለተኛም ሰውን ካልቆመበት ቦታ አቁሞ ማሳየት ሐሰት መናገር አይደለምን?

ሁለተኛው ጥያቄ ከፊተኛው ይልቅ የከበደ ሆኖ ስላገኘሁት የዛሬውን ዓምድ አብዛኛውን ለእርሱ ሰጥቼዋለሁ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያውቅልኝ እለምናለሁ።

ጥበቡ አዲስ አይደለም። ዦርዥ ሜሊየስ የተባለ ፈረንሳዊ በ1898 ባዘጋጀው አጭር ፊልም ላይ የገዛ ራሱን ከትከሻው እያነሣ በጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ ይታያል፤ ምስጢሩም ጥቁር መጋረጃ መጠቀምና ያንኑ ፊልም ደጋግሞ በመሣሪያው ውስጥ ማሳለፍ ነበር። በ1940 ዓ.ም. ለወጣው «የባግዳድ ሌባ» ለተባለው ፊልም ሎውረንስ በትለር የተባለ ባለሙያ ሰዎችን ከሰማያዊ መጋረጃ ፊት አቁሞ ካነሣ በኋላ፥ ሰማያዊውን አጥፍቶ በምትኩ ሌላ አገር አገባበት፤ ፊልሙም በዚህ ጥበቡ የኦስካርን ሽልማት ተቀበለ። ቀጥሎም ፔትሮ ቭላሆስ የሚባል መሐንዲስ ዘዴውን አሻሽሎ እንደ ጸጉርና እንደ ጢስ ያሉት ረቂቅ ነገሮች ሳይቈረጡ እንዲወጡ አደረገ።

እኔ የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያም አስተማሪያችን ፍላኔል ጨርቅ በለበሰ ሰሌዳ ላይ የባሕርና የተራራ ሥዕል ዘርግታ፥ ከወረቀት የተቈረጡትን ሰዎችና ታንኳውን አንድ በአንድ ትለጥፍበት ነበር። ታንኳው በባሕሩ ላይ ሲለጠፍ ከመካከላችን ሐሰት ነው ያለ አልነበረም፤ የወረቀቱ ጠርዝ ተላቅቆ ሲነሣ ግን ሁላችንም እንሥቅ ነበር። የዚህ ሙያ ተማሪ ዓመታት የሚደክመው ለዚያ ጠርዝ ነው።

ነገሩን በጥቂቱ ላብራራ። በኮምፒዩተር የምናየው ሥዕል የጥቃቅን ነጥቦች ስብስብ ሲሆን፥ እያንዳንዱ ነጥብ የቀይ፥ የአረንጓዴና የሰማያዊ ብርሃን መጠን የሚገልጹ ሦስት ቍጥሮች አሉት። በ1977 አልቪ ሬይ ስሚዝና ኤድ ካትሙል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በእነዚህ ላይ አራተኛ ቍጥር ጨመሩና በግሪክ ፊደል ስም አልፋ አሉት። ይህ ቍጥር ነጥቡ ምን ያህል ድፍን ወይም ስስ እንደ ሆነ ይናገራል። አልፋው 1 የሆነ ነጥብ ከበስተኋላው ያለውን ፈጽሞ ይጋርዳል፤ 0 የሆነውም ጨርሶ አይታይም፤ ችግር ሁሉ የሚኖረው ግን በሁለቱ መካከል ነው። ለምሳሌ የአንዲት ሴት የጸጉር ጫፍ ብርሃኑ 200፥ አልፋው ሩብ ቢሆን፥ በስተኋላ ሊገባ የታሰበው ሰማይ ደግሞ 100 ቢሆን፥ ከ200 ሩቡን 50፥ ከ100 ሦስት ሩቡን 75 ወስደን ስንደምር 125 ይሆናል። ሒሳቡ ከዚህ አይከብድም፤ አራተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ይሠራዋል። ቶማስ ፖርተርና ቶም ዳፍ በ1984 ሥርዓት ሰጥተው ጽፈውታል፤ ዛሬም በስልካችን ላይ ሥዕል በሥዕል ሲደረብ የሚሠራው በመሠረቱ ይኸው ነው። የሚከብደው ሒሳቡ ሳይሆን ያ ሩብ የተባለው ቍጥር በእውነት ሩብ መሆኑን ማወቁ ነው።

የመጋረጃው ቀለም አረንጓዴ የሆነበትም ምክንያት አለው። የሰው ቆዳ፥ ጠይምም ቢሆን ቀይም ቢሆን፥ ከአረንጓዴ ይልቅ ቀይ ብርሃን ይበዛበታልና ኮምፒዩተሩ ሰውን ከመጋረጃው ለመለየት አይቸገርም። ደግሞም ብራይስ ባየር የተባለ የኮዳክ ኩባንያ ባለሙያ በ1976 ባስመዘገበው አሠራር መሠረት፥ የአብዛኞቹ የዛሬ ካሜራዎች ዓይን ለአንድ ቀይና ለአንድ ሰማያዊ ሁለት አረንጓዴ ተቀባዮች ስላሉት ከሦስቱ ጥርት ብሎ የሚመዘገበው አረንጓዴው ነው።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ የተማረ ልጅ በካርቱም ወደ ተግባር ሲገባ ግን መጽሐፉ ያልነገረው ነገር ይገጥመዋል። የሱዳን ሴት የምትጐናጸፈው ቶብ አራት ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው፥ ብዙ ጊዜም እንደ እኛ ነጠላ ስስና ብርሃን የሚያሳልፍ ልብስ ነው። ቶብ የለበሰች ሴት በአረንጓዴ መጋረጃ ፊት ስትቆም አረንጓዴው በልብሷ ውስጥ አልፎ ይታያል። ተማሪው አረንጓዴውን ለማጥፋት ቢያጠብቅ ቶቡ ይቦጫጨቃል፤ ቢያላላው ሴትዮዋ የኵሬ አረንቋ የለበሰች ትመስላለች። በእሳት ላይ የተጣደ ጀበና እንፋሎትም እንዲሁ ያስቸግራል። (ጀበና የሚለውን ቃል ሱዳኖች ከእኛ ጋር ይጋሩታል፤ እነርሱ ግን ቡናውን ራሱን ጀበና ይሉታል።) በካርቱም መንገድ ዳር በትንሽ በርጩማ ተቀምጠው ሻይና ቡና የሚሸጡት ሴቶች፥ ከእነርሱም መካከል ከጦርነቱ በፊት ብዙዎች የእኛና የኤርትራ ልጆች የነበሩ፥ የዚያች ከተማ መልክ ናቸው። እንግዲህ ቶቧን ተጐናጽፋ ከእንፋሎት በስተጀርባ የተቀመጠችን ሻይ ሻጭ ከመጋረጃው ለይቶ ማውጣት ለአንድ ተማሪ ምን ያህል ፈተና እንደሚሆን መገመት ይቻላል። ብልኅ ተማሪ ለሁሉም አንድ ልክ አይሰጥም። ለአካሏ ጠንካራ ጭንብል፥ ለቶቡ ስስ፥ ለእንፋሎቱም ከሁሉ የሳሳ ጭንብል ለየብቻ ይሠራና መጨረሻ ላይ ያገጣጥማቸዋል። ከዚያም ከመጋረጃው ተንጸባርቆ በጉንጯና በአንገቷ ላይ የቀረውን አረንጓዴ ወዝ ያጸዳል፤ ይህ ካልተደረገ ሰው ሁሉ የታመመ ይመስላል።

ከጠርዙ ቀጥሎ የሚመጣው ብርሃን ነው። ካርቱም ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ15 ዲግሪ ተኩል ጥቂት ከፍ ብላ ስለምትገኝ፥ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በሚያዝያ ማብቂያና በነሐሴ መግቢያ፥ በቀትር ከአናት ላይ ቀጥ ብላ ትቆማለች። በዚያን ጊዜ የሰው ጥላ ከእግሩ በታች ይሰበሰባል፤ የዓይን ጕድጓድ ይጨልማል፤ ግንባርና የአፍንጫ ጫፍ ይበራል። በቤት ውስጥ በመብራት የተነሣን ሰው ወስደህ በካርቱም አደባባይ ብታቆመው፥ ብርሃኑ ከጐን ስለሚመጣ፥ ተመልካቹ ምክንያቱን ባይነግርህም የተሰፋ መሆኑን ወዲያው ያውቅብሃል። በትግርኛ ጥላን ጽላሎት እንለዋለን፤ ቃሉ ከግዕዝ ሳይለወጥ የቀረ ነው። ጽላሎት የሌለው ሰው መሬት አይረግጥም። የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን በቅዱሳኑ እግር ሥር ጥላ የማይሥሉት ስለማይችሉ ሳይሆን፥ ቅዱሳኑን በዚህ ዓለም አፈር ላይ ማቆም ስላልፈለጉ ይመስለኛል። የካርቱም ተማሪ ግን ሥራው ሰውን በአፈር ላይ ማቆም ነውና በጥላው ላይ ሌሊቱን ያነጋል።

አፈር ካልን ዘንድ አቧራውንም አንርሳ። ሱዳኖች ሀቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል በሚነሣበት አገር፥ አየሩ ጥርት ባለ ቀን እንኳ ሩቅ ያለ ጥቁር ነገር ጥቁር ሆኖ አይታይም፤ ወደ ጠይም ወደ ግራጫ ይሄዳል። ከመቶ ሜትር ርቀት ላይ የሚቆም ሰው ድፍን ጥቁር ጸጉር ይዞ ከታየ ሥራው ፈረሰ። ስለ ቀረው፥ ይኸውም ካሜራው ሲንቀሳቀስ የተጨመረው ሥዕል አብሮ እንዲንቀሳቀስ ስለ ማድረግ፥ ወይም መጋረጃ በሌለበት ቦታ ሰውን በእጅ ዙሪያውን እየከበቡ ስለ ማውጣት ብዙ አልናገርም። ፊልም በአንድ ሴኮንድ 24 ሥዕል ያሳልፋልና የዐሥር ሴኮንድ ሥራ 240 ሥዕል ነው፤ ትዕግሥቱን አንባቢ ይገምተው።

አሁን ወደ ካርቱም ልመለስ። በሱዳን የፊልም ሥራ ከብዙ የአፍሪካ አገሮች ቀድሞ የተጀመረ ነው። እንግሊዞች የሱዳንን የፊልም ክፍል ያቋቋሙት በ1949 ሲሆን፥ ከዚያ ከወጡት ባለሙያዎች አንዱ ጋደላ ጉባራ በ1955 ስለ ካርቱም ባለ ቀለም ፊልም ሠርቷል። የ1989 መፈንቅለ መንግሥት ከተደረገ በኋላ ግን ሲኒማ ቤቶቹ እየተዘጉ ሄዱ። በ2019 የወጣው የሱሐይብ ገስመልባሪ ፊልም አራት ሽማግሌ የፊልም ባለሙያዎች በኦምዱርማን አንድ አሮጌ ሲኒማ ቤት ለመክፈት ሲደክሙ ያሳያል፤ ያየ ሰው ይሥቃል፥ ያዝናልም። በዚህ ላይ ከ1997 እስከ 2017 የቆየው የአሜሪካ የንግድ ማዕቀብ ነበረ። አንድ የካርቱም ተማሪ በሌላ አገር ያሉ ጓደኞቹ የሚማሩበትን የአሜሪካ ፕሮግራም ገንዘብ ቢኖረው እንኳ በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ ማግኘት ይቸግረው ነበር። ለእንዲህ ያለው ልጅ የመጣለት በረከት ብሌንደር የሚባለው ፕሮግራም ነው፤ ይህም የሆላንዱ ተወላጅ ቶን ሮዘንዳል በ2002 ከሕዝብ 100,000 ዩሮ አሰባስቦ ለዓለም ሁሉ በነጻ ያስለቀቀው ነው። ሥዕል መደረብም፥ ጭንብል መሥራትም፥ የካሜራ እንቅስቃሴ መከተልም በእርሱ ይቻላል። ቢሆንም ትምህርቱ የሚገኘው በኢንተርኔት ነውና፥ በጁን 2019 የካርቱም ሰላማዊ ሰልፈኞች በተገደሉ ጊዜ መንግሥት ኢንተርኔቱን ከአንድ ወር በላይ ሲዘጋ የተማሪው ክፍል አብሮ ተዘጋ።

በ2022 መጨረሻ ገደማ በካርቱም ለወጣቶች የሲኒማ ትምህርት ሲሰጥ ከነበረው ከሱዳን ፊልም ፋክተሪ ጋር ሆነው፥ አነስ ሰዒድ፥ ራዊያ አልሐጅ፥ ኢብራሂም ስኑፒና ቲሚያ መሐመድ አሕመድ የተባሉ አራት ሱዳናውያን ከእንግሊዛዊው ፊል ኮክስ ጋር ስለ ከተማቸው ፊልም ጀመሩ። መሣሪያቸው የእጅ ስልክ ነበር። የመረጧቸው ሰዎችም አምስት ሲሆኑ፥ እነርሱም አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፥ አንዲት ሻይ ሻጭ፥ አንድ የሰፈር ኮሚቴ በጎ ፈቃደኛ፥ እንዲሁም በመንገድ ጠርሙስ የሚለቅሙ ሁለት ብላቴኖች ናቸው። ሐሳባቸው የከተማይቱን የዕለት ኑሮ እንደ ቅኔ አድርገው ለማሳየት ነበር። ሥራው ሳያልቅ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 የሱዳን ሠራዊትና ፈጣን ድጋፍ ሰጪ የተባለው ኃይል በካርቱም መካከል ተኩስ ከፈቱ። ፊልም ሠሪዎቹም፥ የሚነሡትም ሰዎች በየአቅጣጫው ተሰደዱ። በ2025 መጀመሪያ ላይ ከቤታቸው የተፈናቀሉት ሱዳናውያን ቍጥር ከ12 ሚሊዮን በላይ መድረሱን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አስታውቋል።

ፊልም ሠሪዎቹ አምስቱን ሰዎች ፈልገው ናይሮቢ ላይ ሰበሰቧቸው። ሰዎቹ ተገኙ፤ ከተማይቱ ግን ወዴት አለች? የሻይ ሻጯ ጥግ፥ የብላቴኖቹ መንገድ፥ የመንግሥት ሠራተኛው ቤት፥ ሁሉም ከተኩስ መስመር በስተጀርባ ቀርቷል። እዚህ ላይ ነው ጕዳዩ የጎንደሩን አባት የሚነካው። በናይሮቢ በአንድ ክፍል አረንጓዴ መጋረጃ ተሰቀለ፤ እያንዳንዱም ከመጋረጃው ፊት ቆሞ የደረሰበትን በቃሉና በአካሉ እንደገና ሠራው፤ ሕልሙንም ጨምሮበት። ከዚያ በኋላ የካርቱም ሥዕል ከበስተኋላቸው ገባ። «ካርቱም» ተብሎ የተሰየመው ይህ ፊልም በጃንዋሪ 2025 በአሜሪካ በሰንዳንስ፥ በተከታዩም ወር በበርሊን የፊልም በዓል ላይ ታየ።

ይህ ሐሰት ነውን? እኔ አይደለም እላለሁ፤ ምክንያቴንም እነግራለሁ። ፊልም ሠሪዎቹ መጋረጃውንና የሥራውን ቦታ ከተመልካች አልሸሸጉም። ሰዎቹ በናይሮቢ እንዳሉ ተመልካቹ ያውቃል። ሻይ ሻጯ «እዚህ ነበርሁ» ስትል በዚያ መኖሯ እውነት ነው፤ ያልኖረው ዛሬ ከበስተኋላዋ ያለው ግድግዳ ነው፤ እርሱንም መጋረጃው ሸፈነው። ታላላቅ ኩባንያዎች ይህን ዘዴ ሰውን ሄዶ ወደማያውቅበት ወደ ጨረቃና ወደ ባሕር ጥልቅ ለመስደድ ይጠቀሙበታል። የካርቱም ሰዎች ግን ወደ ገዛ ቤታቸው ለመግባት ተጠቀሙበት፤ ይህን ሳስብ የጎንደሩ ልጅ እኅቱን በሞግረን ዳር ማቆሙ ተራ የክፍል ሥራ ብቻ አልመሰለኝም። አባትየው ያንን ሥራ ሁለተኛ ጊዜ ከልጅቱ ጋር ተቀምጠው እንዲያዩት እመክራለሁ። ምናልባት እርሷ ስለ ቦታው የምትነግራቸው ነገር ይኖር ይሆናል።

ሌላም ነገር አለ። በዚህ ትምህርት ተማሪው መጀመሪያ ከሚታዘዛቸው ነገሮች አንዱ ሰው የሌለበትን ባዶ ቦታ ማንሣት ነው። ካሜራህን አቁም፤ ሃያ ወይም ሠላሳ ሴኮንድ ሳትነቃነቅ ባዶውን መንገድ፥ ባዶውን ደጅ፥ የወንዙን ዳር አንሣ ይባላል፤ ኋላ ሰው የሚደረብበት መደብ እርሱ ነውና። ለተማሪ ከዚህ የሚያሰለች ሥራ የለም፤ ምንም አይደረግበትምና። አሁን ግን አስቡት። ከኤፕሪል 2023 በፊት በካርቱም በአባይ ዳር ጎዳና፥ በኦምዱርማን ገበያ፥ በቱቲ ደሴት እንዲህ ያለ ባዶ ሥዕል አንሥቶ በቤቱ ያስቀመጠ ተማሪ ዛሬ በእጁ ያለው ምንድን ነው? እንደገና ሊነሣ የማይችል ነገር ነው። ለመለማመጃ የተሠራው የከተማ መዝገብ ሆነ።

የካርቱም ብሔራዊ ሙዚየም በዚህ ነገር ያሳዝነኛል። የአስዋን ታላቅ ግድብ ውሃ ሊውጣቸው የነበሩ የቡሄንና የሰምና የጥንት መቅደሶች በ1960ዎቹ ድንጋይ በድንጋይ ተነቅለው ካርቱም መጥተው በሙዚየሙ አትክልት ቦታ ቆሙ፤ ሙዚየሙም በ1971 ተከፈተ። በመካከላቸውም የዓባይ ምሳሌ የሚሆን የውሃ ቦይ ተሠራ፤ መቅደሶቹ በወንዛቸው ዳር እንዳሉ እንዲመስሉ መደብ ተሰጣቸው ማለት ነው። ይህ ከድንጋይ የተሠራ የሥዕል መደረብ ጥበብ ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ሠራዊቱ በማርች 2025 ሙዚየሙን ባስለቀቀ ጊዜ ዕቃ ቤቱ ተዘርፎ ተገኘ። የሱዳን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሕንፃም፥ የአገሪቱ የብዙ ዓመት ድምፅና ሥዕል የሚቀመጥበት፥ ከጦርነቱ መጀመሪያ እስከ ማርች 2024 በፈጣን ድጋፍ ሰጪው ኃይል እጅ ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ በአንድ ተማሪ ስልክ ውስጥ የቀረ የሠላሳ ሴኮንድ ባዶ መንገድ ንብረት ነው። ይህ ደግሞ በጦርነት ብቻ የሚሆን አይደለም። በ2024 በአዲስ አበባ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ፥ ከመፍረሳቸው በፊት ያንን ሰፈር በጥሞና ያነሣ ተማሪ ካለ፥ ሥራውን እንዳይጥለው አደራ እላለሁ።

ነገር ግን አባትየው መፍራታቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጥበቡ በክፉ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሠራ በዚያው በሱዳን ታይቷል። በ2023 የቀድሞው ፕሬዚዳንት ዖማር አልበሺር ለወራት ድምፁ ሳይሰማ ቆይቶ ሳለ፥ የእርሱ ነው የተባለ ንግግር በቲክቶክ ላይ መሰራጨት ጀመረ፤ ብዙ መቶ ሺህ ሰዎችም ሰሙት። ኋላ የቢቢሲ ጋዜጠኞች መርምረው ድምፁ በኮምፒዩተር የተፈበረከ መሆኑን በኦክቶበር ወር ገለጡ። ድምፅ እንዲህ ከሆነ ሥዕልም ከዚህ አያመልጥም። በጦርነት ጊዜ የዚህ ዓይነት ሐሰት ሰው ያስገድላል። ታዲያ ይህን የሚለይልን ማን ነው? ጥላው ከፀሐይዋ ጋር አለመስማማቱን፥ የጠርዙ ነጥብ ከመደቡ የተለየ መሆኑን፥ ሩቅ ያለው ሰው ጸጉር ከአቧራው በላይ መጥቈሩን ወዲያው የሚያይ፥ ያንኑ ነገር ለመደበቅ ሌሊት ያደረ ተማሪ ነው። የሐሰት ገንዘብ መለየት የሚችለው ብዙ እውነተኛ ገንዘብ በእጁ ያለፈ የባንክ ሠራተኛ እንደ ሆነ ሁሉ፥ ይህም እንዲሁ ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ፤ የባንክ ሠራተኛው ሐሰተኛውን ገንዘብ ራሱ አትሞ አያውቅም፤ ይህኛው ተማሪ ግን አስመሳዩን በየሳምንቱ በክፍሉ ሲሠራ ይውላል። ስለዚህ መምህሩ እጁን ብቻ ሳይሆን ጠባዩንም ሊያይለት ይገባል፤ ወላጅም ከልጁ ጋር ስለዚሁ ቢነጋገር መልካም ነው።

ስለ እንጀራው በአጭሩ እመልሳለሁ። ማስታወቂያ የሚያዘጋጁ፥ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ የሚሠሩ፥ የሙዚቃ ፊልም የሚቀርጹ ሁሉ ይህን ሙያ ይፈልጋሉ፤ ኢንተርኔት ያለው ሰው ከሩቅ አገርም ሥራ ተቀብሎ ሊሠራ ይችላል። ይሁን እንጂ አባትየው ልጃቸው ወዲያው እንዲከብር ተስፋ ማድረግ የለባቸውም። ቀድሞ ጀማሪ የሚቀጠርበት፥ ሰውን ሥዕል በሥዕል በእጅ ዙሪያውን እየከበቡ የማውጣት ሥራ፥ ዛሬ አብዛኛውን በራሱ የሚያስብ ኮምፒዩተር በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሰዋል። ኮምፒዩተሩ የቶቡን ጫፍና እንፋሎቱን ገና ያበላሻል፤ ያን የሚያርም ዓይን ያለው ሰው ግን ይፈለጋል። እንግዲህ ልጁ ብርሃን ማየትን፥ ሥዕል መሣልንና የፎቶግራፍ ጥበብን አጥብቆ ቢማር፥ ፕሮግራሙ በየዓመቱ ቢለወጥ እንኳ ሥራ አይጠፋበትም። ውድ መሣሪያ እንዲገዙለት ቢጠይቃቸው አሁን አይቸኵሉ፤ የካርቱሙ ፊልም በእጅ ስልክ መጀመሩን ይንገሩት።

ለልጁ ደግሞ፥ አባቱ ይህን እንደሚያነቡለት ተስፋ በማድረግ፥ ለሚቀጥለው የክፍል ሥራው አንድ ነገር ልጠቁመው። እናቱን ነጠላቸውን እንደ ለበሱ ቡና ሲያፈሉ ያንሣቸው፤ ከነጠላና ከእንፋሎት የበለጠ አስተማሪ የለም። ኋላ በስተጀርባቸው የሚያገባው መደብ የትኛው ሰዓት እንደ ሆነ አስቀድሞ ይወስንና መብራቱን በዚያው አቅጣጫ ያቁም። ለመጋረጃው ብቻ የሚሆን ሌላ መብራት ይኑረው፤ ብርሃኑም ከዳር እስከ ዳር እኩል ይሁን። እናቱ ከመጋረጃው ሁለት ሜትር ያህል ወደ ፊት ይቀመጡ፤ ሲጠጉ አረንጓዴው በነጠላው ላይ ይጋባልና። በጥለቱ ላይ አረንጓዴ ካለበት ሌላ ነጠላ ይለውጡ። አንሶላውም ከመሰቀሉ በፊት በካውያ ይተኰስ፤ እያንዳንዱ እጥፋት የራሱ ጥላ አለው።